ሦስቱ ጣሳዎች

ላውኬን ደሴት፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1996

ይድረስ ለወንድሜ ለቤላርሚኖ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የሳንቲያጎ ጭስ ሳልህን አባባሰብህ ወይስ ተወህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም አለሁ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አስራ ሰባት ቀኑ ነው። ንቄህ እንዳይመስልህ፤ ነፋሱ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጀልባ አላስነሣ አለ፤ የቀረውን ስምንት ቀን ደግሞ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። ይቅርታህን እሻለሁ።

አዎ፣ ፊልሙ ደርሷል። ስድስቱም ሣጥን። ዶን ሴጉንዶ ከጀልባው እያወረደ «ይኼ የማንሲያ ልጅ ምን ድንጋይ ሞልቶ ነው የላከው? የፍቅር ቀልድ ነው አላላችሁም እንዴ?» ይል ነበር። ዝናብ አበስብሷቸው ስለነበር አንድ በአንድ በፎጣ ጠርጌ ምድጃው አጠገብ አደረቅኳቸው።

አዎ፣ መጣች። ይህን ከሰላምታው በፊት መጻፍ ነበረብኝ፤ ሌላውን ሁሉ ዘለህ የምትፈልገው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ መጣች። እንደ ልማዷ ከሁሉ ቀድማ መጥታ የቁጥር አንዱን ቲኬት ገዛች፤ ጥቁር ሻሏን እንደተከናነበች ከፊት ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እስኪያልቅ አልተነሣችም። ስለ አንተ የተናገረችው ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኋት።

ስለ ሰዉ አስተያየት «አንድም ሳታስቀሪ» ስላልከኝ እንዳለ እነግርሃለሁ። ጣሳዎቹ አሁንም በር ላይ ናቸው። ፊልም የወደደ የቲኬቱን ቅዳጅ የሚጥልበት የወተት ጣሳ ዝጎ በሌላ ቀየርኩት እንጂ፣ «እንዲያው ደህና ነው» ለሚል ያስቀመጥነው የቡና ጣሳና ለጠላ ያስቀመጥነው የቀለም ጣሳ አንተ እንደተውካቸው ናቸው። ደብተሯም በክር ከታሰረችው እርሳስ ጋር አለች። ያን ቀን ወተቱ ከግማሽ በላይ ሞላ። ቀለሙ ውስጥም አልጠፋም። ቡናው እንደ ሁልጊዜው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ እዚህ አገር መሀል ላይ የሚቆም ሰው የለም።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሮዛልባ ሰውየው ያን ያረጀ የግድግዳ ሰዓት ወደ ኋላ ጠምዝዞ ወደዚያው ጠዋት በተመለሰ ቁጥር ሱሪው በካውያ መቃጠሉ በሣቅ ሆዷን አሳመማት። በር ላይ ይዛኝ «እኔ ሰዓቱን ባገኘው ባሌን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ እወስደው ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያኔም ሰካራም ነበር» አለችኝ። መምህር አቤላርዶ ደብተሯ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈ። ሠርጉን ከመጠባበቁ ማስቀደምህ፣ የሠራተኞቹንም ስም ዝርዝር መሀል ላይ ማስገባትህ «ደፋር አካሄድ» ነው ይላል። ስሞቹ በአምስተኛው የፊልም ጥቅል መጨረሻ ሲመጡ ሰዉ ግራ ተጋብቶ ነበር፤ ግን «የሳንቲያጎ ፋሽን ይሆናል» ተባለና አለፈ። ዶን ሴጉንዶ ደግሞ ተናደደ። «አግብቷት ሲያበቃ ወደብ ላይ ብቻዋን ጎልቷት የሚጠፋ ወንድ ምን የሚሉት ወንድ ነው?» አለ። የቀለሙ ጣሳ ፊት ብዙ ቆሞ፣ ብዙ አስቦ፣ ቅዳጁን በወተቱ ጣለው። «ለልጅቷ ስል ነው» አለኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ፣ ልጅቷ ወደቡ ላይ ቁጭ ብላ የድንች ቂጣዋን ከባሕር ወፎቹ ጋር እየተሻማች ብቻዋን ስትስቅ፣ መብራቱን አበራሁ። የተነሣ ሰው አልነበረም። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይሰማል። ከዚያ አንዱ ወንበሩን ሲያንቋቋ ሁሉም ተከትሎ ተነሣ። ቤላርሚኖ፣ ኖልፋን የምትመስል ልጅ ከየት አገኘህ? ፊቷ እንኳ አይደለም፤ ቂጣ ስትይዝ ትንሿን ጣቷን የምታነሣው ነገር።

አይ፣ አልሳቅሁም። አላለቀስኩምም። ፊልምህ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቅር እንዳይልህ። ዛጎል ስንለቅም ጣታችን ደንዝዞ ቢላ ቢቆርጠን እንኳ ቤት ገብተን ደሙን ስናይ ነበር የምናውቀው። እህቴ ኖልፋ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ነኝ። አያምም፤ ሥራዬንም እሠራለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ። እማዬ ቅዳጇን በየትኛውም ጣሳ አልጣለችም። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወደ ቤት ሄደች።

እህትህ ኦርፌሊና


ሳንቲያጎ፣ ሜይ 2 ቀን 1996

ለእህቴ ለኦርፌሊና፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽም፣ ከእሱ በኋላ የላክሽው ካርድም ደርሶኛል። ስለ ሹራቡ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልክ ሆኖልኛል፣ ሰፍቶኝ እንደሆነ መጨነቅ አያስፈልግሽም።

አይ፣ ልጅቷ የደሴት ልጅ አይደለችም። የጥርስ ሐኪም ልጅ ናት፤ ጀልባ ላይ ስትወጣ ያስታውካታል። ጣቷን እንዴት እንደምታነሣ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን፤ ሠራተኞቹ አበድክ አሉኝ።

እዚህ ያለውን ሰው ጠይቀሽኛል። ይስቃል። ሣቅ ባስቀመጥኩበት ቦታ ላይ ሁሉ ይስቃል። ከኋላ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፤ የሌላ ሰው ፊልም ይመስለኛል። አንድ ጋዜጣ «ከቤተሰብ ጋር የሚታይ» ብሎ ጻፈ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሲኒማው በር ላይ ክንዴን ይዛ «ያ ሰዓት የት ይሸጣል?» አለችኝ። ቀልዷን መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልዷን አልነበረም። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች።

አሁን ስሚኝ። ፊልሙ ወደቡ ላይ አያልቅም። ወደቡ አምስተኛው ጥቅል ነው። ስድስተኛው ላይ ሰውየው ሱሪው እየጨሰ፣ እየሮጠ ይደርሳል፤ የጠዋቱን ጀልባ አብረው ይሳፈራሉ፤ ማዶ ተሻግረው ይጋባሉ፤ ስሞቹም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። አገላብጠሽ አሳይተሻቸዋል ኦርፌ። «የሣጥኑን ጽሑፍ አትመን፣ ፊልሙ ጫፍ ላይ የተጫረውን ቁጥር እይ» ብለሽ ማሽኑን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ እኮ! የመምህር አቤላርዶን ገጽ ተኩል ሳነብ መሣቅ ነበረብኝ። ሌላ ጊዜ እስቃለሁ።

እባክሽ በትክክሉ አሳዪው። ፊልሙን የሠራሁት ለአንድ ሰው ነው፤ ታውቂያለሽ። እናትሽ ዶኛ ኤዱቪና ያን ዕለት ወደብ ላይ «እኔ በሕይወት እያለሁ ይችን ደሴት እንዳትረግጣት» ስትለኝ አጠገቧ ቆመሽ ነበር። አስራ አንድ ዓመት አልረገጥኳትም። አባቴ ሲቀበር ማዶ ቆሜ የቤተክርስቲያኑን ደወል ሰማሁ፤ ነፋሱ ወደኔ ነበርና ጥሩ አድርጎ ይሰማ ነበር። ሰውየው ሲደርስ ትመልከተው። ከዚያ «ይምጣ ወይስ ይቅር?» ብለሽ ጠይቂልኝ። ይቅር ካለች ሁለተኛ አልጠይቅም።

ሌላውን ግን ተይው። በመጨረሻው ገጽ ጽፈሽ የሰረዝሽውን መስመር ወረቀቱን መስኮት ላይ ይዤ አንብቤዋለሁ። ፊልሙ ላይ ሰውየውን እንቅልፍ ጣለው ብያለሁ። እንቅልፍ ጣለው፤ በዚያ ያብቃ።

ቤላርሚኖ


ላውኬን፣ ሜይ 19 ቀን 1996

ለወንድሜ ለቤላርሚኖ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንንም አላሳብብም። ሣጥኖቹ ላይ የለጠፍከው ወረቀት በዝናቡ ቀለሙ ሁሉ ፈሶ ነበር፤ እንደመሰለኝ ደረደርኳቸው። ጫፉን አላየሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ማሽን ላይ ቆሜ ጫፉን አላየሁም! ሰዓት ወደ ኋላ በሚሄድበት ፊልም ሠርግ ከመጠባበቅ ቢቀድም ማን ጠርጥሮ? ሰዉም አልጠረጠረ፣ እኔም አልጠረጠርኩ።

አዎ፣ ባለፈው እሁድ በትክክሉ አሳየሁት። አዎ፣ አሁንም መጣች፤ ቲኬት ቁጥር አንድ፣ ሁለተኛው ወንበር። በመጀመሪያ ግን የሌላውን ልንገርህ፤ እንደዚያ ነው የሚቀናኝ።

ሰዉ ተቆጣ። ሮዛልባ ከማዶ እህቷን አምጥታ ነበር። «መጨረሻውን ማነው የነካካው? የወደቧን ልጅ አሳይሻለሁ ብዬ በዚህ ማዕበል ያመጣኋትን! ሠርግማ የየቀኑ ነው፣ ሠርግ አይተን አናውቅም?» እያለች ጮኸችብኝ። መምህር አቤላርዶ ነገሩ ሲገባው ቀስ ብሎ መጣና ደብተሯን ተቀብሎኝ የጻፈውን ገጽ ተኩል በላጲስ ያጠፋ ጀመር። ወረቀቱ እስኪበሳ አሸው። ከዚያ «ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ በፊተኛው ይሻል ነበር» ብሎኝ ሄደ። የቀለሙ ጣሳ ጢም ብሎ ሞልቶ ቅዳጁ መሬት ላይ ይፈስ ነበር።

ዶን ሴጉንዶ አልተቆጣም። ባርኔጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ። «ያን ቀን የጠዋቱን ጀልባ የነዳሁት እኔ ነኝ» አለኝ፤ እንደማላውቅ። «ሦስት ጊዜ ዞሬ አይቻታለሁ። ሂዱ፣ እኛ በቀትሩ እንመጣለን እያለች እጇን ታውለበልብልኝ ነበር። ፊልሙ ጀልባዬ ላይ አስቀመጣት። እኔ ግን ትቻት ነው የሄድኩት።» ቅዳጁን በቡናው ጣሳ ጣለው። እሱ በዚያ ጣሳ ሲጥል አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ እማዬ። ሰውየው እየሮጠ ወደቡ ላይ ሲደርስ ተነሣች። ሰዉ መሀል ለመሀል አልፋ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ፤ ማሽኑን ብቻውን ትቼ።

«ውሸት ነው» አለችኝ።

«ምኑ ነው ውሸት እማዬ?» አልኳት። መዳኗን የምትል መስሎኝ ነበር።

«እንቅልፉ ነዋ! ያ ልጅ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ እንጨቴን ፈልጦልኝ የሚሄድ ልጅ አልነበረም? እንቅልፋም፣ እንቅልፋም እያልኩ ስረግመው አስራ አንድ ዓመት። ዛሬ እዚያ ጨርቅ ላይ ሲያንኮራፋ ሳየው ነው ልብ ያልኩት። አንቺ፣ የት ነበር ያን ቀን?»

የቀለሙን ጣሳ ከመሬት እያነሣሁ ነበር። «አላውቅም» አልኳት።

አላውቅም አልኳት፣ ቤላርሚኖ። የሰረዝኩትን መስመር አንብበኸዋል፤ አሁን ሳልሰርዝ ልጻፈው። ሻንጣህን ይዘህ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በአዳራሹ ደጅ አለፍክ። ከኖልፋ ጋር ማዶ ተሻግራችሁ ማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ውል ልትፈራረሙ ነበር። እኔ ጠራሁህ። የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ፊልም ማሽኑ ውስጥ ተበጣጥሶብኝ፣ ሰው ሁሉ ከየደሴቱ እየመጣ፣ ከአንተ በቀር የተበጠሰውን የሚቀጥልልኝ ሰው አልነበረኝም። «ግማሽ ሰዓት ብቻ» አልኩህ። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ ሰዓትህን አየህ። «የቀትሩ ጀልባ አለ አይደል» አልኩህ። አንተ አላልክም፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ኖልፋ የጠዋቱን አሳልፋ ጠበቀችህ፤ አንተ ስትሮጥ ስትወርድ እሷ ተናድዳ በቀትሩ ተሳፍራ ሄዳለች። ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ጀልባዋም ማዶ አልደረሰችም።

እማዬ ስትረግምህ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። አንተም ዝም አልክ። የእኔ ዝምታ ግን ከአንተ ዝምታ ጋር አንድ አይደለም።

ይምጣ ወይስ ይቅር ብዬ አልጠየቅኋትም። እንዴት ብዬ?

ኦርፌሊና


ሳንቲያጎ፣ ሜይ 27 ቀን 1996

ኦርፌ፤

አይሆንም። እንዳትነግሪያት። ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖሪው አንቺ ነሽ፤ እኔ እዚህ ከማንም ጋር አልኖርም። የምትቆጣው ሰው ሩቅ ቢሆን ይሻላል። ለምጄዋለሁ ስልሽ ለማጽናናት አይደለም፤ የእውነት ለምጄዋለሁ። ጠዋት እነሣለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ ሰው ያመሰግነኛል፣ እኔም አመሰግናለሁ።

ደግሞስ ማን አሰረኝ? ሻንጣዬን አንሥቼ መሄድ እችል ነበር። ፊልም መቀጠል ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። ልትጠይቂኝ የፈራሽውንም ልመልስልሽ፤ አዎ፣ አንዳንዴ አንቺን እጠላ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ዓመት። ከዚያ እሱም ደነዘዘ።

ዶን ሴጉንዶ በቡናው ጣሳ ጣለ ስላልሽኝ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያችን ወደብ ላይ የምትስቀዋን እኔ አልፈጠርኳትም። ያኔ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ዶን ሴጉንዶ ነው የነገረኝ። ጀልባው ሲነሣ ቂጣዋን ከወፎቹ ጋር እየተሻማች፣ እየተሳደበች፣ በራሷ እየሳቀች ነበር። ሱሪው፣ ሰዓቱ፣ ሠርጉ፣ ሌላው ሁሉ ልብ ወለድ ነው። ከፊልሙ እውነቱ አምስተኛው ጥቅል ብቻ ነው። አንቺ ተሳስተሽ በእሱ ጨረስሽው።

ሣጥኖቹን መልሺልኝ፤ ሌላ ከተማ ይጠብቃቸዋል። ሌላውን ተይው።

ቤላርሚኖ


ላውኬን፣ ጁን 10 ቀን 1996

ለወንድሜ ለቤላርሚኖ፤

እንደምን አለህ? ቁጣህ ደርሶኛል። አልሰማሁህም። ነግሬያታለሁ።

እንዴት ብለሽ ትለኝ ይሆናል። ምንም ዘዴ አልነበረውም። ባለፈው ሰኞ ድንች እየፋቀች ነበር፤ እኔ እንጨት እየጨመርኩ ነበር። «እማዬ፣ ያን ቀን ቤላርሚኖ እኔ ዘንድ ነበር። ፊልም እየቀጠለልኝ» አልኳት። መፋቁን አላቆመችም። «እስከ ስንት ሰዓት?» አለችኝ። «እስከ ቀትር» አልኳት። «አብሯት የሚሄድ መሆኑን ታውቂ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሳህኑ እስኪሞላ ፋቀች። እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ሻሏን አነሣች። «አዳራሹን ክፈቺ» አለችኝ።

በዝናብ ሄድን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ያን ጉልበት ይዛ እንዴት እንደፈጠነች አላውቅም። «የወደቡን ብቻ» አለች። አምስተኛውን ጥቅል አስገባሁላት፤ ጫፉን አይቼ። ከፊት ሁለተኛው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ሲያልቅ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። «ድገሚው።» ሦስተኛው ላይ መብራቱ ግሏል አልኳት። «ይጋል!» አለች።

ከዶን ሴጉንዶ እንደሰማኸው፣ ያ ብቻ እውነት መሆኑን ነገርኳት። ከዚያ «እኔ እያለቀሰች የጠበቀችው ነበር የሚመስለኝ» አለች። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እያለቀሰች ነበር የሚታየኝ። እየበላች ነበር ለካ!»

«ፊልም ነው እኮ እማዬ፣ ልጅቷ የጥርስ ሐኪም ልጅ ናት።»

«ፊልም መሆኑን መች አጣሁት? ጅል መሰልኩሽ?» አለችኝ።

ስትወጣ ከሽርጧ ኪስ ሁለቱንም ቅዳጆች አወጣች፤ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እሁድ። ተጨማድደው፣ ለስልሰው ነበር። አንዱን በወተቱ ጣሳ ጣለችው። «ይኼ የልጁ ነው። ጻፊለት። ይምጣ በይው። ለቅዱስ ጴጥሮስ፣ በጠዋቱ ጀልባ ይምጣ» አለችኝ። ይኸው ጽፌልሃለሁ። የጠየቅከው መልስ ይህ ነው፤ ቃል በቃል።

ሌላውን ቅዳጅ እኔን እያየች በቀለሙ ጣሳ ጣለችው። የማን እንደሆነ አልነገረችኝም። መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። አልጋዬን ወደ ማሽኑ ክፍል አምጥቻለሁ፤ አታስብ፣ መብራቱ ያሞቀዋል። ትናንት እሁድ ፊልም ነበረን፤ እሷ የምትወደው ዓይነት፣ ፈረስና ጠመንጃ ያለበት። ቀድማ መጣች። ቁጥር አንድን ቆርጬ ሰጠኋት፤ ፊቴን ሳታይ ተቀበለችኝ። ስትወጣ በቀለሙ ጣሳ ጣለችው። ሮዛልባ «ምነው ዶኛ ኤዱቪና፣ ሲተኩስ ሲያጨበጭቡ አልነበር እንዴ?» አለቻት። ሻሏን ተከናንባ ሄደች።

ደህና ነኝ። «ካልጠየቅኩሽ አትነግሪኝም ነበር» እንዳትለኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ኦርፌሊና


ላውኬን፣ ጁን 24 ቀን 1996

ለወንድሜ ለቤላርሚኖ፤

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ ቅዳሜ ጠዋት ማዶ ወደብ ላይ ዶን ሴጉንዶ በእጅህ ይሰጥሃል። ጀልባው ላይ ሆነህ አንብበው። ማልቀስ ካማረህ ወደ ባሕሩ ዙር፤ ሰውየው ለሮዛልባ ከተናገረ አበቃልህ።

ቴሌግራምህ ደርሷል። ለእማዬ ዶን ሴጉንዶ አነበበላት። አምስተኛውን ጥቅል ስለተውክልን እግዜር ይስጥልን፤ ሳልጠይቅህ ማወቅህ ገረመኝ። የቀሩት አምስቱ ሣጥኖች ተዘጋጅተዋል። ቁጥራቸውን በሚስማር ጭሬዋለሁ፤ ዝናብ ቢመጣም አይለቅም።

አዎ፣ ክፍልህን ራሷ ጠርጋዋለች። ማለቴ የኖልፋን ክፍል። መጋረጃውን አጥባለች። አይ፣ ለእኔ እንዳትለምናት። ገና ከጀልባ ወርደህ «ኦርፌን ይማሩልኝ» ብትል ሁለታችንንም ታባርረናለች። እኔ ያለሁበት ደህና ነው። ስለ ሳልህ ብቻ አስብ።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት እሁድም በቀለሙ ጣሳ ነበር የጣለችው። ትናንት ደግሞ መጣች። አንድ የረባ ነገር የሌለው ፊልም ነበር የማሳየው፤ ሰዉ ግማሹ ተኝቶ ነበር። ቁጥር አንድን ሰጠኋት፣ ተቀበለች፣ ተቀመጠች፣ ሲያልቅ ወጣች። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ የቀለሙን ጣሳ ገልብጬ ቅዳጆቹን አየሁ። ቁጥር አንድ የለም። እንደገና አየሁ፤ የለም። ቡናውን አየሁ። የወተቱን ጣሳ ለማየት ፈራሁ፤ ከዚያ አየሁት። እዚያም የለም። ወንበሮቹ ሥር በባትሪ ፈለግሁ። የትም የለም።

ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወደ ቤት ወስዳዋለች።

ዛጎል ለቅመን ስንመለስ የደነዘዘው እጃችን የሚያመን ባሕሩ ውስጥ ሳለን አልነበረም፤ ምድጃው አጠገብ ስንቀመጥ ነበር። ኖልፋ እጇን በብብቷ ይዛ ትጮህ እንደነበር ትዝ ይልሃል? ትናንት በባትሪ ብርሃን መሬት ላይ ተንበርክኬ ሳለ እንደዚያ አመመኝ። ብዙ አለቀስኩ። አሁንም እያመመኝ ነው።

ወደብ ላይ እጠብቅሃለሁ። የድንች ቂጣ እይዛለሁ፤ ለወፎቹም የሚሆን ጨምሬ። እማዬ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ ዶን ሴጉንዶ ጫማዋን ስትቀባ አይቻለሁ ይላል።

ይህን የምታነበው ሁለት ሰዓት ላይ በሚነሣው ጀልባ ላይ ሆነህ ከሆነ፣ አላረፈድክም።

ኦርፌሊና